የክረምቱ ቲማቲሜ አለቀ፣ ቆስጣው ግን ጎረቤት አጠገበ፤ በበጋው ልድገም ወይስ ይቅርብኝ?

ባለ ጓሮዋ
ሰላም ናችሁ የጎንደር ልጆች፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ማራኪ አካባቢ ተከራይቼ ነው ምኖረው፣ አከራዬ እትዬ ከጓሮ 3 በ 4 ሜትር ምትሆን ቦታ "አረም ከሚበላት ዝሪባት" ብለው ሰጡኝና ሰኔ መጨረሻ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ተከልኩባት። ቆስጣ፣ ሀበሻ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ኩሽና ውስጥ ያቆጠቆጠ ድንችም ነበር እሱንም ከቲማቲሙ ጎን ወሸቅኩት።

ቆስጣና ጎመኑ ሌላ ነገር ነው፣ ፍልሰታን ሙሉ ቅጠል ከገበያ አልገዛሁም፣ እትዬም ጎረቤቶቹም በልተው ተረፈ። ሌላው ግን ጉድ ሆነ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ መጀመሪያ የድንቹ ቅጠል ከዛ የቲማቲሙ ፈላ ውሃ የፈሰሰበት መስሎ ጠቆረ፣ በአንድ ሳምንት 14 እግር ቲማቲም ድርግም። ከዛው ችግኝ 2ቱን ቦታ ስላጣሁ በአሮጌ ጀሪካን አድርጌ ከቆርቆሮው ክፈፍ ስር አስጠግቻቸው ነበር እነሱ ብቻ ተረፉ፣ ፍሬም ያዙ፣ ግን መስከረም ላይ ፍሬው ቂጡ እየጠቆረ ግማሹን ጣልኩት። ቃሪያው ጫካ ሆኗል ፍሬው ግን 5 ነው ቆጥሬዋለሁ። ካሮቱን ስነቅለው ሱሪ ለብሶ ወጣ 😂

አፈሩ ዋልካ ነው። ውሃ እንደምታውቁት በወረፋ ነው። ጥቅምት ገብቷል፣ መድኃኒት መርጨት ነበረብኝ ወይ? በበጋውስ በዚህ ውሃ ቲማቲም ልድገም?

የአዘዞ ልጅ
ምች ነው የመታብሽ። እኛ ሰፈርም ዘንድሮ የጓሮ ድንች ጨርሶታል። ማንኮዜብ ገዝተሽ ከሐምሌ ጀምሮ በየሳምንቱ ብትረጪ ይተርፍ ነበር፣ ለሚቀጥለው ክረምት ያዢው።

እናት ጓሮ
ልጄ በርቺ፣ እኔ በጓሮ ጎመን 6 ልጅ ያሳደግሁ ነኝ። ቂጡ ለጠቆረው የእንቁላል ቅርፊት ወቅጠሽ ከስሩ አድርጊለት ይላሉ ልጆቼ ከዩቲዩብ አይተው፣ እኔስ አላውቅም። ጎመን ላይ ክሽክሽ ሲወጣ ግን አመድ ጧት ጤዛው ሳይደርቅ ነስንሺበት፣ ይሄን አውቃለሁ።

አፈር የነካ
ግብርና ነው የተማርኩት፣ አሁንም በሱ ነው ምሰራው፣ የአዘዞውን ወንድሜን ትንሽ ልቃወም።

ምች ነው ያልከው ትክክል ነው። ግን ማንኮዜብ ቀድሞ የሚከላከል እንጂ ቅጠሉ ከጠቆረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አይደለም፣ ደግሞ የጎንደር ነሐሴ በየቀኑ እያጠበው እየደጋገምሽ ልትረጪ ነው፣ ከረጨሽ በኋላ ደግሞ ፍሬው ሳይለቀም የሚጠበቅ ቀን አለ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ለ14 እግር ይሄ ሁሉ ጣጣ? እኔ አልገባበትም። በሽታው ብርድ ያለበትና ቅጠል ረጥቦ የሚውልበት ጊዜ ነው የሚወደው፣ የኛ ክረምት እንደተሰራለት ነው። ድንችና ቲማቲም አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ በሽታቸውም አንድ ነው፣ ድንቹ ቀድሞ መያዙን ራስሽ ጽፈሻል።

መልሱ ያለው ክፈፉ ስር ባሉት 2 ጀሪካኖች ነው። ችግኙ ያው፣ ጓሮው ያው፣ ልዩነቱ ዝናብ ቅጠላቸውን አለመንካቱ ነው። ቲማቲም እዚህ አገር የበጋ ነገር ነው፣ ፎገራ ያሉት ገበሬዎችም ብዙውን ቲማቲማቸውን ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስኖ ነው የሚያለሙት።

የቂጡ መጥቆር ግን ሌላ ነው፣ ምች አይደለም። አንድ ልጠይቅሽ፣ ጀሪካኖቹን በስንት ቀን ነበር የምታጠጪው?

ባለ ጓሮዋ
እውነት ለመናገር ክረምት ነው ብዬ ረስቻቸው ነበር፣ ሲጠወልጉ ሳይ አንድ ጆግ ሙሉ እደፋባቸዋለሁ ከዛ 4 ቀን 5 ቀን እዘጋቸዋለሁ።

አፈር የነካ
አገኘነው። ያው ክፈፍ ከምች አዳናቸው በውሃ ጥም ደግሞ ጎዳቸው። ቂጡ የሚጠቁረው ፍሬው ካልሲየም ሲያጥረው ነው፣ ካልሲየም ደግሞ ወደ ፍሬው የሚሄደው ውሃ ተሸክሞት ነው፣ ውሃው አንዴ ጎርፍ አንዴ ድርቅ ሲሆን ፍሬው ጫፍ ላይ ሳይደርስ ይቀራል፣ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ሞልቶም ቢሆን። ስለዚህ እማማ፣ ቅርፊቱ አይጎዳም ግን አፈር ውስጥ ለመበስበስ ብዙ ጊዜ ነው ሚፈጀው፣ ለዘንድሮ ፍሬ አይደርስም።

እናት ጓሮ
እኔም ጠርጥሬ ነበር፣ ቅርፊቱንስ ዶሮዎቹ ነው የበሉት።

የአዘዞ ልጅ
እሺ ተቀብያለሁ 😄 ግን ቃሪያውስ? የኔም ዘንድሮ ቅጠል ብቻ ነው።

አፈር የነካ
ምን ሰጣችሁት?

ባለ ጓሮዋ
የእትዬን የዶሮ ኩስ ትኩሱን፣ ላዩ ላይ ደግሞ ወንድሜ ከገጠር ያመጣልኝን ዩሪያ። ወፍራም እንዲሆን ብዬ ነው።

አፈር የነካ
ወፍሯላ። ኩሱም ዩሪያውም ናይትሮጂን ነው የሚሰጡት፣ እሱ ሲበዛ ተክሉ ቅጠል ነው ሚሰራው፣ አበባ ይዘገያል። ለቆስጣው ግን ቅጠሉ ነው ሚበላው እሱ ደስ ብሎታል፣ ለዛ ነው ጎረቤት ያጠገብሽው። ኩሱን 2፣ 3 ወር ከጭድ ጋር ከምረሽ አብላይው ከዛ ተጠቀሚ። ቃሪያውን አትንቀይው፣ ምንም ሳትጨምሪ ፀሐይ ብቻ ይምታው፣ ሊያብብ ይችላል። ካሮቱን እንደ ቆስጣው በችግኝ አዛውረሽ ነው አይደል የተከልሽው?

ባለ ጓሮዋ
አዎ 🙈 እንዴት አወቅክ?

አፈር የነካ
ሱሪው ነገረኝ። ካሮት ሲዛወር ዋናው ስሩ ይጎዳና ቅርንጫፍ ያወጣል። እዛው በሚያድግበት ነው ሚዘራው፣ ሲበቅል ታሳሽዋለሽ። ያም ሆኖ ዋልካ ላይ ቀጥ አይልም፣ ሲረጥብ ጭቃ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ አሸዋና ኮምፖስት የገባበት ከፍ ያለ መደብ ካልሰራሽ ካሮትን ተይው።

ሀይላንድ ሰብሳቢ
እኔ ቀበሌ 18 ነኝ፣ ውሃችን ከናንተ የባሰ ነው፣ አምና በጋ 8 እግር ቲማቲም አብቅያለሁ እና ልናገር። የ2 ሊትር ሀይላንድ ቂጡን ትቆርጭዋለሽ፣ ክዳኑን በጋለ መርፌ 2 ቦታ ትበሽዋለሽ፣ ዘቅዝቀሽ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀት ትቀብሪዋለሽ፣ ከላይ ትሞይዋለሽ፣ ቀስ እያለ ስሩ ጋ ይወርዳል ቅጠሉም አይረጥብም። ላዩን ጭድ ጎዝጉዢ ፀሐይ እንዳይመጠው። አትክልትና ሩዝ ያጠብኩበትን ውሃ አጠራቅማለሁ፣ የኦሞውን ግን አይደለም። እና በማዳበሪያ ብትተክይ ይሻልሻል።

ባለ ጓሮዋ
ማዳበሪያ ስትል ዩሪያውን ነው? ከሱ እኮ ነው ያመለጥኩት።

ሀይላንድ ሰብሳቢ
😂😂 ከረጢቱን! በ50 ኪሎው ማዳበሪያ 2 እግር፣ ከታች ቀዳዳ አድርጊለት። አፈሩን ግን ምች ከመታበት ቦታ አታምጪ።

አፈር የነካ
ጥሩ ነው። የታመመውን ግንድና መሬት ውስጥ የቀሩትን ድንቾች ልቅም አድርጊ፣ በሽታው ድንቹ ውስጥ ያድራል፣ ኮምፖስት ውስጥም አትጨምሪው። እዛ ቦታ ላይ ዘንድሮ ነጭ ሽንኩርት ወይ ቆስጣ አድርጊበት። የቲማቲም ዘር አሁን ከዘራሽ በ4፣ 5 ሳምንት ይዛወራል፣ ከዛ 3 ወር ገደማ ነው፣ ሌሊቱ ስለሚበርድ ትንሽ ሊጎተት ይችላል ግን ለሁዳዴ ስልስ ይደርስሻል። ሮማ ቪኤፍ ሚባለው አጭር ነው ለከረጢት ይመቻል። ከ6 እግር አትለፊ ባይ ነኝ፣ ውሃሽን አስቢው።

ባለ ጓሮዋ
6 እግር፣ 3 ከረጢት፣ ሀይላንዱ እትዬ ቤት ሞልቷል። ቆስጣውን አልነካውም እንደነበረ ይቀጥላል። እናንተዬ ጭድ ግን ማራኪ ከየት ይገኛል?

እናት ጓሮ
ላም ካለው ጎረቤት ነዋ ልጄ። አንድ እቅፍ ቆስጣ ይዘሽ ሂጂ፣ ገንዘብ አይጠይቁሽም።