ያቺን የክሬዮን (የሰም ቀለም እርሳስ) ፋብሪካ ፊልም የሚያውቅ አለ?

እባካችሁ እርዱኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭንቅላቴን እየበላኝ ነው።

ልጅ እያለሁ ሰሰሚ ስትሪት በሚባለው የአሜሪካ የልጆች ቲቪ ፕሮግራም ላይ በአሻንጉሊቶቹ መሃል አጫጭር ፊልሞች ይገቡ ነበር። እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ ቦታ። አንዷ ክሬዮን እንዴት እንደሚሠራ ታሳያለች። የቀለጠ ብርቱካንማ ሰም ሲፈስ፣ ክሬዮኖቹ በመደዳ ብቅ ሲሉ፣ ወረቀት ሲጠቀለልባቸው። የሚያወራ ሰው ትዝ አይለኝም፤ ሙዚቃ ብቻ። እኔማ ሽታው ሁሉ ይመጣልኝ ነበር! ወንድሜ ግን «ቢጫ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል።

ችግሩ፣ ስፈልግ ደጋግሞ የሚመጣልኝ የሌላ የአሜሪካ የልጆች ቲቪ ፕሮግራም አቅራቢ የነበሩት የሚስተር ሮጀርስ ነው። እሳቸውም በ1981 እ.ኤ.አ. የክሬዮን ፋብሪካ አሳይተዋል። እዚያ ላይ ግን እሳቸው ራሳቸው ረጋ ብለው እያብራሩ ነው። የኔዋ እሷ አይደለችም። ወይስ ሁለቱን አደባልቄያቸው ይሆን?

በክፍል ቁጥር ልፈልግ ብልም አልሆነም። ሰሰሚ ስትሪት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ4 ሺህ በላይ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ፊልም ደግሞ በተለያዩ ክፍሎች እየተደጋገመ ይገባል።

እዚያው ሰሰሚ ስትሪት ላይ ኬክ ተሸክሞ ከደረጃ የሚንከባለለውን ጋጋሪ ግን ወዲያው አገኘሁት። ቁጥር ማስተማሪያ ነው፤ ድምፁ የአሻንጉሊቶቹ ፈጣሪ የጂም ሄንሰን። አሁንም በሳቅ ገደለኝ።

የክሬዮኗን ሙሉ ቅጂ ያየ ካለ፣ ቀለሙንና መጨረሻዋን ይንገረኝ። ከወንድሜ ጋር ተወራርደናል።