በመድን ኩባንያ የካሳ ክፍል ለቃለ መጠይቅ እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦
በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት በሌላ መስክ ከሠራሁ በኋላ በአንድ ትልቅ የመድን ኩባንያ የካሳ ክፍል ለጀማሪ ባለሙያነት አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ስለ መድን ያለኝ እውቀት ከጠቅላላ ግንዛቤ ስለማያልፍ፣ በቀረኝ አንድ ሳምንት በምን ላይ ባተኩር ይሻላል?

መልስ 1፦
እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ፍጹም ቅን ልቦናን (ሁለቱም ወገኖች ለውሉ አስፈላጊ የሆነውን ሁሉ በሐቅ የመግለጽ ግዴታቸውን)፣ መድን ገቢው በንብረቱ ላይ ሊኖረው የሚገባውን ጥቅምና የካሳን መርህ (መድን ገቢው ከደረሰበት ጉዳት በላይ እንዳይከፈለው የሚያደርገውን) በራስዎ አነጋገር ማስረዳት ይለማመዱ። ትርጉም ሸምድዶ መግባት ብዙም አይረዳም፤ ጠያቂዎች ወዲያው ወደ ምሳሌ ይሻገራሉና። ለአብነት፣ 1,000,000 የሚያወጣ ንብረት በ500,000 ብቻ መድን ተገብቶለት የ200,000 ጉዳት ቢደርስበትና ውሉ ካሳው መድኑ ከንብረቱ ዋጋ ጋር ባለው ጥምርታ ልክ እንዲቀነስ የሚያዝ አንቀጽ ቢኖረው፣ የሚከፈለው 100,000 ነው፤ መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው ተቀናሽ ካለ ደግሞ ከዚሁ ላይ ይነሳል። የሂሳብ ባለሙያ ስለሆኑ ይህ ለእርስዎ የሚከብድ አይመስለኝም።

መልስ 2፦
የኩባንያውን የመጨረሻ ዓመታዊ ሪፖርትም ያንብቡ። ከተገኘው አረቦን (መድን ገቢዎች ለመድኑ ከሚከፍሉት ገንዘብ) ምን ያህሉ ለካሳ እንደዋለ ይመልከቱ፤ ከ100 አረቦን 70 ለካሳ ከወጣ ምጣኔው 70 በመቶ ነው። እኔ በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ የጠለፋ መድንን፣ ማለትም መድን ሰጪው ራሱ የሚገባውን መድን፣ ብዙ መድን ሰጪዎች አንድን ስጋት ተካፍለው ከሚሸፍኑበት ከጋራ መድን ጋር ቀላቅዬ አፍሬ ወጥቻለሁ።

መልስ 3፦
ጥያቄው ውድቅ የተደረገበትን የተቆጣ ደንበኛ እንዴት እንደሚያነጋግሩ መጠየቅዎ አይቀርም። በመጀመሪያ አዳምጠው፣ ቀጥሎ ክፍያውን የከለከለውን የውሉን አንቀጽ በቀላል ቋንቋ አብራርተው፣ ቅሬታ የሚያቀርብበትን መንገድ እንደሚያሳዩት ለጠያቂዎቹ ይንገሯቸው።