ለማሰቃያ የሚሆን ሙዚቃ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ኪቦርድ መለማመድ ጀምሯል። አራት ኖታ ይመታል፣ አምስተኛው ላይ ይስታል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። የሚስትበትን ቦታ እየጠበቅኩ ጥርሴን እነክሳለሁ። የእውነት፣ ሰው ለማናዘዝ ከዚህ የባሰ ሙዚቃ አለ?

መልስ፦ ቀልዱን ተወውና በእውን ተደርጓል እኮ። በ1989 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የፓናማው ወታደራዊ ገዥ ኖሪዬጋ ከአሜሪካ ወረራ ሸሽቶ ቫቲካን ኤምባሲ ገብቶ ሲሸሸግ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ደጁ ላይ ድምፅ ማጉያ ደርድረው ሮክ ለቀቁበት። ጃንዋሪ 3 ቀን 1990 እጁን ሰጠ። ሙዚቃው ብቻውን ነው ያስወጣው የሚለውን ግን አልገዛም።

መልስ፦ ኢራቅ ውስጥማ አሜሪካኖች በያዟቸው እስረኞች ላይ የሕፃናት ቴሌቪዥን ዘፈን ሳይቀር ተከፍቷል። ልብ በል፣ ለልጅ የተሠራ ዘፈን! ስለዚህ ዜማው መቀፈፉ አይደለም ነገሩ። ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል፣ ያው ዘፈን ይደጋገማል፣ እንቅልፍ የለም፣ መዝጊያው ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ነው። እንደዚያ ከሆነ የምትወደውም ዘፈን ያሳብድሃል።

ጠያቂ፦ ኧረ በስመ አብ! እኔስ ቢያንስ መስኮት እዘጋለሁ። አሁን ደግሞ አብሮ መዝፈን ጀመረ።

መልስ፦ ሄደህ አናግረው በቃ። ኪቦርድ እኮ የጆሮ ማዳመጫ ይሰካበታል።