የመኪናዬ የስርቆት መከላከያ አልፎ አልፎ ሞተር ያጠፋል፤ ምርመራውን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በቁልፍ የምትነሣው መኪናዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አስቸግራኛለች። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፣ ሞተሩም ይነሣል፤ ነገር ግን ሁለት ሰከንድ ሳይሞላው ይጠፋል። ያን ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምስል ያለው መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ ስሞክር ያለምንም ችግር ትነሣለች። የሪሞቱን ባትሪ ብቀይርም ለውጥ አላየሁም። ጋራዥ ስወስዳት ችግሩ አይታይም፤ ያም ሆኖ የሞተሩ ኮምፒውተር ይቀየር ተብያለሁ። ይህን ያህል ወጪ ከማውጣቴ በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

እባክዎ ኮምፒውተሩን ለመቀየር አይቸኩሉ። በእንደርስዎ ዓይነት ቁልፍ የሪሞቱ ባትሪ የሚያገለግለው በሮችን ለመክፈትና ለመቆለፍ ነው። ሞተሩ እንዲነሣ የምታስፈቅደው ግን በቁልፉ ፕላስቲክ ውስጥ ያለች፣ የራሷ ባትሪ የሌላት ትንሽ ቺፕ ናት። ይህች ቺፕ ኃይል የምታገኘው በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ካለው የአንቴና ቀለበት ሲሆን፣ በብዙ መኪኖች 125 ኪሎኸርዝ ገደማ በሆነ ሞገድ መለያ ኮዷን ትመልሳለች፤ ኮዱ ካልተነበበ ነዳጅ ወይም ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ እሳት ይቋረጣል። ሞገዱ የሚሠራው በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ማንጠልጠያ ላይ ያለ የሌላ መኪና ቁልፍ ወይም ብዙ ብረት ንባቡን ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ቁልፉን ለብቻው ያድርጉና፣ መለዋወጫ ቁልፍ ካለዎት አንድ ሳምንት በእሱ ብቻ ይጠቀሙ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ የመጀመሪያው ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ወድቆ ከሆነ ቺፗ ተሰንጥቃ ወይም ከቦታዋ ተንቀሳቅሳ ሊሆን ይችላል።

መልስ 2

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ሞተሩ እንቢ ባለበት ቅጽበት መብራቱን ማየት ወሳኝ መሆኑን ነው። መብራቱ እንደወትሮው ጠፍቶ ሞተሩ ካልተነሣ ጥፋቱን ከክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን ዙር ከሚለካው) ወይም ከነዳጅ ፓምፑ መፈለግ ይሻላል፤ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ጉዳዩ የስርቆት መከላከያው ነው። የመኪናውንም ባትሪ ይለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ሊሆን ይገባዋል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 ቮልት በታች ከወረደ የስርቆት መከላከያው መቆጣጠሪያ የቁልፉን ኮድ በትክክል ላያነብ ይችላል።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በሁለቱም ቁልፎች ችግሩ ያው ነው። ባትሪው ሲያርፍ 12.6፣ ሲያስነሣ 10.8 ቮልት ያሳያል። ትናንት ግን እንቢ ስትለኝ ከመሪው ሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን በእጄ ገፋ ሳደርገው መብራቱ ጠፋ፤ ወዲያውም ተነሣች። አንድ የማውቀው ሰው መከላከያው ጭራሽ ተቆርጦ ይውጣ ይለኛል።

መልስ 3

ያገኙት ፍንጭ ትልቅ ነው። ሁለት ቁልፎች በአንድ ዓይነት መንገድ መበላሸታቸው የማይመስል ነገር ስለሆነ፣ ሽፋኑ ሲነካ መስተካከሉ ወደ አንቴናው ቀለበትና ወደ ሶኬቱ ያመለክታል። መከላከያውን ማስቆረጥ ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ ሽቦ ላይ ላለ ልል ግንኙነት ሲባል መኪናዋን ለሌባ ክፍት ማድረግ ነውና። ባለሙያው ሽፋኑን ከመፍታቱ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅ፤ መሪው ላይ ያለው ኤርባግ በድንገት እንዳይፈነዳ። ከዚያም የሶኬቱን እያንዳንዱን ፒን ዝገትና ልልነት እንዳለው ይመርምር። በብዙ መኪኖች ቀለበቱ ጥቅልል ሽቦ ብቻ ከሆነ ያለ አዲስ ኮድ ሊቀየር ይችላል፤ መቆጣጠሪያው ራሱ ከተቀየረ ግን ቁልፎቹ እንደገና መመዝገብ አለባቸው። በኮምፒውተር ሲመረመርም የሞተሩ ብቻ ሳይሆን የስርቆት መከላከያው የስህተት ኮዶች እንዲነበቡ ይጠይቁ።

ጠያቂ

ሶኬቱ ሲፈታ አንደኛው ፒን ወደ ኋላ ሸሽቶ ተገኘ። ወደ ቦታው ተመልሶ እንዲጠብቅ ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት ሳምንታት መኪናዋ አንድም ቀን እንቢ አላለችም።