መኪናዬን ሸጬ ቀሪውን ብር ተከለከልኩ

ወገኖች፣ ሕግ የምታውቁ እርዱኝ። የምኖረው ደሴ ነው። አሮጌ ቶዮታ ዲኤክሴን ለአንድ የኮምቦልቻ ሰው በ800,000 ብር ሸጥኩ። 600,000ውን ከፈለኝ፤ 200,000ው ስም ሲዞር እንዲከፈል በውል ጽፈን በምስክር ፊት ተፈራረምን።

ከመግዛቱ በፊት የራሱን መካኒክ ይዞ መጥቶ ሞተሩንም ካምቢዮውንም አስፈትሿል፣ ነድቶም ሞክሮታል። ውሉ ላይ «አይቼና አስፈትሼ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» ይላል። ከወር በላይ ሲሠራበት ቆይቶ፣ ጭነት ጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያንን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ጋለና ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተቃጠለ። አሁን «ችግሩን ደብቀህ ነው የሸጥክልኝ» ብሎ ቀሪውን አልከፍልም አለ። ጭራሽ የማሠሪያውንም ክፈል ይለኛል። እኔ ስነዳው ግን ወላሂ አንድም ቀን ግሎብኝ አያውቅም።

ሽማግሌ ላክሁ፤ «ግማሹን ተውለት» አሉኝ። ለምን ብዬ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለት ካገኘ ለሻጩ ማሳወቅ እንዳለበት ይናገራል። እሱ አንድም ቅሬታ ሳያነሳ ነው እስኪበላሽ የነዳው።

ከብሩም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ሊብሬው ነው። አሁንም በስሜ ነው ያለው፤ መኪናው ሰው ቢገጭ ባለንብረት ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ስም እናዙር ስለው «መጀመሪያ መኪናውን አሠራ» ይላል።

ውሉ፣ የባንክ ደረሰኙና ምስክሮቹ በእጄ ናቸው። በዚህ ማስረጃ ቀሪውን ከፍሎ ስም እንዲያዞር በፍርድ ቤት ላስገድደው እችላለሁ ወይስ የሞተሩ ብልሽት እኔን ያስጠይቀኛል?