ጥቆማ፦ ለረጅም ዓመት የሚያገለግል መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ከደሴ ልግዛ ወይስ ከአዲስ አበባ ላስመጣ?

ጠያቂ (ደሴ፣ አራዳ)፦
እንደምን ከረማችሁ። ኮምፒውተሬ ኮር አይ 5 10400 ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ራም፣ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ እና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ አለው፤ ስክሪኑም ተራ 1080ፒ ነው። አንድ መካከለኛ ካርድ ገዝቼ ቢያንስ አምስት ዓመት ሳልቀይረው ጌም ልጫወትበት አስቤያለሁ። እስካሁን ያየኋቸው አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋ፣ ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ እና አርኤክስ 7600 ኤክስቲ ባለ 16 ጊጋ ናቸው። የመጀመሪያውን እዚሁ ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ አግኝቼዋለሁ፤ ሁለቱ ግን ያሉት አዲስ አበባ ነው። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

የፒያሳ ደንበኛ፦
ያለ ምንም ማመንታት ከፒያሳው ሱቅ ግዛ። ባለቤቱን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሰውዬው የሸጠውን ዕቃ አይክድም። ካርዱ የቱም ቢሆን ዋናው ከማን እንደገዛኸው ነው።

ከሐረጎ በታች (ኮምቦልቻ)፦
ጥያቄው የሱቅ ሳይሆን የካርድ ስለሆነ ወደ ካርዱ ልመልሳችሁ። በፍጥነት ብቻ ከተመዘነ 4060 ከ3060 ይበልጣል፤ መብራትም የሚፈልገው 115 ዋት ብቻ ሲሆን 3060 ደግሞ 170 ዋት ይፈልጋል። ነገር ግን አምስት ዓመት ብለሃል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አስቀድሞ የሚያጥርህ ፍጥነቱ ሳይሆን የካርዱ ሚሞሪ ነው። ሚሞሪው ሲሞላ የተረፈው ወደ ኮምፒውተሩ ራም ስለሚሄድ፣ የፍሬም ቁጥሩ (በሰከንድ የሚታየው ምስል ብዛት) ጥሩ መስሎ እየታየ ጌሙ በየመሃሉ ቆም ቆም ይላል፤ አለዚያም ግድግዳውና መሬቱ ደብዝዞ ይመጣል። አንተ ዘንድ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ 4060 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ8 የመረጃ መስመር ብቻ ሲሆን፣ 10400 የሚደግፈው ሦስተኛውን ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (የካርዱን መሰኪያ) ስለሆነ መተላለፊያው ካርዱ ከተሠራበት በግማሽ ይጠባል። 3060 በ16 መስመር ይሠራል። 7600 ኤክስቲም ባለ 8 መስመር ነው፤ ሆኖም 16 ጊጋ በ1080ፒ በቀላሉ ስለማይሞላ ብዙም አይጎዳውም። እሱ የሚጎዳህ በመብራት ነው፦ 190 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹም 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል።

ሐይቅ ዳር፦
ከዚህ ሁሉ ጣጣ ፕሌይስቴሽን 5 ገዝተህ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተህ ብትቀመጥ ምን ይጎድልሃል? ለወንድሜ ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ስለ ዋት ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ስለ ሱቅ ከተነሳ እኔም የደረሰብኝን ልናገር። እዚሁ ከተማ ውስጥ ስሙን ከማልጠቅሰው ሱቅ «ያልተነካ አዲስ» ተብሎ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ ገዛሁ። ሳጥኑ በፕላስቲክ የታሸገ ነበር። ቤት ወስጄ የካርዱን ማንነት በሚያሳየው ፕሮግራም በጂፒዩ-ዚ ሳየው የማቀነባበሪያ ክፍሎቹ ቁጥር 2304 መሆን ሲገባው 2048 ይላል፤ ይህ ለቻይና ገበያ የወጣውና በስሙ 580፣ በአቅሙ 570 የሆነው ካርድ ነው። በኋላ ፋኑን ሲፈቱት የብሎኖቹ ራስ ተፋፍቆ፣ በሚሞሪዎቹ ላይ ያሉት ሙቀት አስተላላፊ ፓዶች ዘይት ለቀው፣ አቧራው ከዘይቱ ጋር ጠቁሮ ተጋግሮ ተገኘ። ካርዱ ማይኒንግ (ክሪፕቶ ገንዘብ ማምረት) ላይ ሲነድ የኖረ ነበር ማለት ነው። ሳይቆይ ስክሪኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ መጣ። ወደ ሱቁ ስመልሰው «የመብራት ችግር ነው፣ ዋስትናው መብራትን አይሸፍንም» ተባልኩ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈውም «ግራፊክስ ካርድ 1» ብቻ ነበር፤ ሞዴልም ሴሪያልም የለውም።

ወልድያ 21፦
እኔም በተመሳሳይ መንገድ ተበልቻለሁ፤ የእኔ ግን ኤስኤስዲ (የኮምፒውተር ማከማቻ) ነበር። ሱቁ ፒያሳ ነው ወይስ ሰኞ ገበያ?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ሱቁን አልናገርም። የሚያውቅ ያውቀዋል።

የፒያሳ ደንበኛ፦
የእኔን ሰው ለማለት ከሆነ በግልጽ ተናገር። እሱ ማይኒንግ የሠራ ካርድ አያስገባም፤ ዕቃው የሚመጣለት ከዱባይ ነው።

ቶሳ ሥር፦
ይህ በእውነት ትልቅ ዋስትና ነው፤ ዱባይ ውስጥ ማይኒንግ ሠርቶ የሚያውቅ ካርድ አለመኖሩን ዛሬ ከእርስዎ ተማርን። ለመሆኑ ባለቤቱ ካርዱን በጂፒዩ-ዚ ከፍቶ አሳይቶዎት ያውቃል ወይስ ዝምድናው ይበቃል?

የፒያሳ ደንበኛ፦
ሰውን በማሽን ሳይሆን በጠባዩ ነው የማውቀው። እስካሁን ማውዝም፣ ኪቦርድም፣ ፍላሽም ገዝቼበት አንዱም አልተበላሸብኝም።

ቶሳ ሥር፦
ፍላሹ ስንት ፍሬም ይሰጣል?

የጥገና ባለሙያ (ኮምቦልቻ)፦
ልጆች፣ ጠያቂውን ረስታችሁታል። እኔ በጥገና ስለምተዳደር የማየውን ልንገርህ። ያገለገለ ካርድ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ኢቴሪየም የተባለው ክሪፕቶ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ካቆመ በኋላ ብዙ ካርድ ወደ ገበያ ወጣ፤ አንዳንዱ ፓዱና ሙቀት አስተላላፊ ፓስታው ሲቀየርለት ደህና ሆኖ ይሠራል። ሆኖም ሳትፈትን ገንዘብ አትስጥ። በጂፒዩ-ዚ ስሙን፣ የሚሞሪውን መጠንና የመስመሩን ቁጥር ተመልከት፤ ከዚያ ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራውን የመፈተኛ ፕሮግራም ፈርማርክን ለሃያ ደቂቃ ያህል አስኪደው ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ መርጋቱን እይ፤ ቀጥሎም እውነተኛ ጌም ክፈትበት፤ ምክንያቱም ፈርማርክ ሚሞሪውን ሞልቶ አይፈትነውም። ደሴ ብርድ ነው ብለህም አትዘናጋ፤ ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ በመሆኑ ፋኑ የበለጠ ይደክማል።

አርኤክስ 580ን ግን ማንም ቢመክርህ ተወው። ካርዱ እ.ኤ.አ. የ2017 ነው፤ እንደ «ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ» ያሉ አዳዲስ ጌሞች የሬይ ትሬሲንግ (የብርሃን ስሌት) ሃርድዌር የግድ ስለሚሉ፣ በማስተካከያ ዝቅ ብታደርገውም እንኳ አይከፍታቸውም።

ካርድን ቶሎ የሚገድለው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው። ስለዚህ ከገንዘብህ ላይ ለደህና ፓወር ሰፕላይና ለስታብላይዘር ቀንስ፤ ከተቻለም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ጨምርበት። ሳጥኑ ላይ 500 ዋት ተብሎ የተጻፈ፣ ሲያነሱት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ፓወር ሰፕላይ ካለህ ካርዱን ከመግዛትህ በፊት እሱን ቀይር።

ከሐረጎ በታች (ኮምቦልቻ)፦
በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከአዲስ አበባ ማስመጣትህ ካልቀረ አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ባለ 16 ጊጋውን አስጠይቅ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በ349 ዶላር መነሻ ዋጋ የወጣ ሲሆን፣ ሁሉንም 16 መስመር ይጠቀማል፤ አምራቹ የሚመክረውም 450 ዋት ስለሆነ ጤነኛ 500 ዋት ካለህ ይበቃሃል። በዚሁ ስም ባለ 8 ጊጋም ስለሚሸጥ ሳጥኑን ሳታነብ እንዳትቀበል። አርቲኤክስ 5060 ቲአይም እንዲሁ ባለ 8 እና ባለ 16 ሆኖ ነው የወጣው። ዋጋውን በብር ልንገርህ አልችልም፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚተመን፣ ዛሬ የተነገረህ ዋጋ በሚቀጥለው ሳምንት ላይሠራ ይችላል።

ሐይቅ ዳር፦
በዚህ ሁሉ ወጪ ሁለት ፕሌይስቴሽን ይገዛ ነበር።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ከአዲስ አበባ ከሚያስመጣ ዋስትናውን ማን ይሰጠዋል? ሲበላሽ በአውቶቡስ 400 ኪሎ ሜትር ይዞ ሊሄድ ነው? እዚሁ ከተማ ውስጥ ሆኜ እንኳ መብት ያጣሁ ሰው ነኝ።

የፒያሳ ደንበኛ፦
እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንን ነው። የደሴ ሰው ከደሴ ይግዛ።

የጥገና ባለሙያ (ኮምቦልቻ)፦
ከየትም ግዛ፣ ደረሰኙ ላይ ሙሉ ሞዴሉንና ሴሪያል ቁጥሩን አስጽፍ፤ «መብራትን አይሸፍንም» የሚል ካለም አስቀድሞ በጽሑፍ ይስጥህ። ኮምፒውተሩን ይዘህ ብትመጣ ፓወር ሰፕላዩን ያለ ክፍያ እፈትሽልሃለሁ። ሐረጎን ስትወርድ ግን ካርዱን ነቅለህ ለብቻው ጠቅልለህ ያዘው፤ ከባድ ካርድ በዚያ ጠመዝማዛ ሲንገጫገጭ የማዘርቦርዱን መሰኪያ ይሰብራል።

ጠያቂ (ደሴ፣ አራዳ)፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፓወር ሰፕላዩን አንስቼ አየሁት፤ እንዳሉት ቀላል ነው። ስለ ስታብላይዘሩ ልጠይቅ፦ ለፍሪጅ የተገዛ ቤት ውስጥ አለ፤ ፍሪጁንና ኮምፒውተሩን አንድ ላይ ብሰካበት ችግር ይኖረዋል?

የጥገና ባለሙያ (ኮምቦልቻ)፦
አብሽር፣ ስታብላይዘር ውድ አይደለም። የፍሪጁ ሞተር በተነሳ ቁጥር ኃይሉን ስለሚስበው ለኮምፒውተሩ የራሱን ግዛለት፤ 1000 ቪኤ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጥ።

ወልድያ 21፦
ታዲያ የትኛውን ካርድ ወሰንክ?

ቶሳ ሥር፦
ፍሪጁን ነው የወሰነው።

ወልድያ 21፦
ካርዱን ከቀየርክ 1050 ቲአይውን ለእኔ ሽጥልኝ፤ ኤስኤስዲውን የበላኝ ሱቅ ግን አጠገብህ ከሆነ በመካከላችን አይግባ።