ብር ሲያጥር መንገድ ይቅር ወይስ ይጠገን?

የባሶናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ከገበሬው ገብስና ባቄላ እየሰበሰብኩ ለከተማ አስረክባለሁ። ቀበሌያችን ስለ መንገድ ስብሰባ ጠርቶናል። ግማሹ ሰው «በዚህ ኑሮ ውድነት የምን መንገድ ነው? ብሩ ይቀመጥ» ይላል። ሌላው አዋጥተን አስፋልት እንጠይቅ ባይ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ውሃ በመንገድ ሥር የሚያሳልፍ አንድ ቱቦ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ እኛ የምትገባው ጠጠር መንገድ ላይ በደለል ተደፍኗል። ክረምት ሲገባ ውሃው መሄጃ ያጣና በመንገዱ ላይ ይፈሳል። ጠጠሩን ጠራርጎ ጥቁር አፈሩን ያወጣዋል። አይሱዙው እዚያ ጋ ይሰምጣል። ያኔ ጭነቱ ወርዶ በአህያ ይወጣል፣ ኪራዩም ይንራል። ይሄ ሁሉ ከገብሱ ዋጋ ላይ ተቀንሶ ገበሬው ላይ ያርፋል። ስብሰባው ላይ ምን ብል ይሻላል?

ፎርማኑ፦
እህቴ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት መንገድ ሥራ ላይ ነው። አስፋልቱን ለጊዜው ተዉት። ሬንጅ ከውጭ በዶላር ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር የነካው ነገር ሁሉ የት እንደደረሰ ነጋዴ ነሽና ታውቂዋለሽ። የእናንተ ሥራ ግን ዶላር አይፈልግም። ቱቦ መጥረግ፣ ቦይ መክፈት፣ ድንጋይ መደርደር ነው። ድንጋይ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ሞልቷል!

ብሩ ይቀመጥ ለሚሉት ይህን ንገሪልኝ። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ መንገዶች ኤጀንሲ ስሌት አለው። መንገድ 3 ዓመት ቸል ከተባለ ማደሻው የጥገናውን 6 እጥፍ ይሆናል፤ 5 ዓመት ካለፈው 18 እጥፍ። ዛሬ በአካፋ የሚያልቀው ሥራ ነገ ግሬደርና ሮለር ይጠይቃል። ያን ጊዜ ናፍጣውን ማን ሊችለው ነው?

ደግሞ ጥገናን የራሳችሁ ዕዳ ብቻ አታድርጉት። የመንገድ ፈንድ በ1989 በአዋጅ የተቋቋመው ከነዳጅ ላይ እየተሰበሰበ ለጥገና እንዲውል ነው። ወረዳው ለጥገና ምን እንደያዘ በደብዳቤ ጠይቁ።

መምህሩ፦
በፎርማኑ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ጉልበቱ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሥራ ባጣበት ሰዓት በነፃ ውጣና ቆፍር ማለት ይከብዳል። አሜሪካኖች በዚያ ክፉ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 1935፣ ለሥራ አጦች የመንግሥት ሥራ ከፈቱ። በስምንት ዓመት ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ደመወዝ አገኘ። ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ መንገድም ተሠራ፣ ታደሰ። የእናንተ መዋጮ አነስተኛ ቢሆንም ለአካባቢው ወጣቶች የቀን ሒሳብ ይከፈልበት። ብሩ እዚያው ሱቅና ገበያ ይመለሳል።

የደሴ መስመር፦
እኔ ሹፌር ነኝ። ለስብሰባው ከጠቀመ፣ ባሌስትራ የሚሰብረው ጉድጓዱ ብቻ አይደለም። ሰው ጉድጓድ በአፈር ይሞላና ተጠገነ ይላል። አንድ ዝናብ ሲዘንብ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ጉድጓዱን ይሸፍነዋል፣ ሳናየው እንገባበታለን። እባካችሁ በአፈር አትሙሉት።

የባሶናዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የቀን ሒሳቡን ነገር እኔው አነሳዋለሁ፤ ከነጋዴዎቹም እናዋጣለን። ጋሼ ፎርማን፣ ቱቦውን ከየት በኩል ነው የምንጀምረው? መግቢያው ላይ ሙጃ በቅሎበታል።

ፎርማኑ፦
ከመውጫው ጀምሩ። ከመግቢያው ከከፈታችሁት ውሃው ታች መሄጃ ስለሌለው ጭቃውን መልሶ ይከምርባችኋል። መውጫው ላይ ትልልቅ ድንጋይ ደርድሩ፣ አለዚያ ውሃው ሥሩን ቦርቡሮ ቱቦውን ይጥለዋል። የመንገዱን ወገብ ከዳርና ዳሩ ከፍ አድርጉት። ግንቦት ሳይወጣ ይለቅ። ያወጣችሁትን ደለል ደግሞ ቦዩ አፋፍ ላይ አትከምሩት፤ ራቅ አድርጋችሁ ድፉት።